ሁለት ግራ እጅጌ

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ የፋብሪካው ሰው ሁሉ ሚሊሜትር እያለ የሚጠራት ሴት ስክሪኗ ላይ ያለውን የግራ እጅጌ አንድ ጊዜ ጠቅ አደረገችው። እጅጌው ተገለበጠ።

መልሳ አስተካከለችውና እንደገና አንድ ጊዜ ጠቅ አደረገች። ዝም አለ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከረች፤ ዝም። አራተኛው ላይ ተገለበጠ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኮምፒውተሩን ይሰድባል፣ ወይም በቡጢ ይነርተዋል። ሚሊሜትር ያየችው ጣቷን ነው። ቀኝ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳችና ከጠረጴዛው ሥር፣ ሰው በማያይበት፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"ጀመረኝ" አለች በልቧ።

ለምን እንዲህ እንደደነገጠች ለመረዳት ሥራዋን ማወቅ ያስፈልጋል። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ አንድ በአንድ አይቆረጥም። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አንዱ በሌላው ላይ እየተነጠፈ ሰማንያ፣ መቶ፣ አንዳንዴም መቶ ሃያ ንጣፍ ይደርሳል። ከሁሉም በላይ ማርከር የሚባል፣ የጨርቁን ያህል የረዘመ ወረቀት ይተኛል። ወረቀቱ ላይ የደረቱ፣ የጀርባው፣ የእጅጌውና የኮሌታው ቅርጽ ተጠጋግቶ ታትሟል። ቆራጩ የኤሌክትሪክ ቢላውን በዚያ መስመር ይነዳል። ቅርጾቹን በኮምፒውተር ቦታ ቦታቸውን የምታስይዘው ሚሊሜትር ናት። በምትሠራበት ፕሮግራም አንድ ጊዜ ጠቅ ሲደረግ ቅርጹ ይያዛል፤ ቢጫ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ጠቅ ሲደረግ ግን ይገለበጣል፤ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ጣት ሳይታዘዝ አንዴ ደርቦ ቢጫን፣ መቶ ሃያ ጃኬት ሁለት ሁለት ግራ እጅጌ ይዞ ይወጣል። የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ ይቅርታ አያውቅም።

ቅጽል ስሙን ያወጣላት ቆራጩ ነው። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ገና በእርሳስና በካርቶን ስትሠራ፣ እሱ የቆረጠውን ኪስ ከሩቅ አይታ "አንድ ሚሊሜትር ወጥተሃል" አለችው። ሲለካው ልክ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እናት አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት የደመወዝ መዝገቡ ብቻ ነው።

እናቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሁለተኛው ዓመት መርፌ ክር ማስገባት አቃታቸው። በሦስተኛው ዓመት የስፌት መኪናቸውን አንሶላ አለበሱትና ወደ ጥግ ገፉት። ሚሊሜትር ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አንሶላ የተሸፈነው መኪና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ በሽተኛ ይመስላት ስለነበር በዚያ ጥግ በኩል ስታልፍ ትሮጥ ነበር።

ዘንድሮ አርባ ስድስት ሞልቷታል።

ከዚያም ላይ ሌላ ምልክት ነበራት። ወር ያህል ሆኖታል፤ ከሥራ ስትወጣ አውራ ጣቷና ጠቋሚ ጣቷ ይደነዝዛሉ፤ አንጓዋን ያማታል። "ብርድ ነው" ብላ ነበር ለራሷ። አሁን ግን ሁለቱ ነገር ተገጣጠመባት።

ለማንም አልተናገረችም። ማክሰኞንና ረቡዕን እያንዳንዱን ቅርጽ ሁለት ሁለት ጊዜ እያየች ሠራች። የሁለት ሰዓት ሥራ አምስት ሰዓት ፈጀ። ቤት ስትገባ እናቷ ሳያዩ ብርጭቆ እስከ አፉ ውኃ ትሞላና በቀኝ እጇ ይዛ ትቆማለች። ውኃው ይወዛወዛል። የማን ውኃ አይወዛወዝም? እሷ ግን ይህን አላሰበችም፤ ብርጭቆውን ደፍታ እንደገና ትሞላለች።

ሐሙስ ሃያ ሸሚዝ ነበር፤ ትንሽ ሥራ። ማርከሩን አትማ፣ ወስዳ፣ ጨርቁ ላይ አስተኛችው። በዚያ ፋብሪካ ልማድ ቆራጩ፣ ወረቀቱን ያወጣው ሰው በገዛ አፉ "ቁረጥ" እስኪለው ድረስ ቢላውን አያስነሳም። ኃላፊ ቢያዝ፣ ሰዓት ቢረፍድ፣ ያቺ ቃል ካልተባለች ቢላው አይነሳም።

"ቁረጥ" አለች።

ቆራጩ በግራ እጁ ከብረት መረብ የተሠራ ጓንት ያጠልቃል፤ ለዚህም ባለጓንቱ ይሉታል። ቃሏን ከሰማ በኋላም እንደ ልማዱ ጣቱን መስመሩ ላይ እየነዳ ያጉረመርማል፦ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ... ድንገት ቆመ።

"ሚሊ! እስቲ ነይማ። ሁለት ግራ እጅ ያለው ደንበኛ አገኘን እንዴ?"

ከመተኮሻው ጠረጴዛ ተኳሿ ቀበል አደረገች፦ "ለባሌ ይሁን! የሱ ሁለቱም ግራ ነው፤ አንድም ሥራ አይሠራበትም!"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሚሊሜትርም አብራ ሳቀች። ወረቀቱን ጠቀለለችና "አሁን አስተካክዬ አመጣለሁ" ብላ ወጣች። መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቀረቀረች። ቧንቧውን ከፍታ እጇን ውኃው ሥር ያዘች። ያስፈራት የተገለበጠው እጅጌ ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ አይታው አልፋዋለች። አይታው "ቁረጥ" ብላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያቺ ቃል ከአፏ ወጥታ ሰው አሳስታ አታውቅም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኃላፊው መጣ። በዕድሜ ታናሿ ነው፤ አንቱ ይላታል።

"እትዬ ሚሊ፣ የከፋዩ ጃኬት ማክሰኞ ይቆረጣል። መቶ ሃያ ንጣፍ። ጨርቁ ልክ የሚበቃን ያህል ነው የመጣው፤ ትርፍ የሚባል የለም። እርስዎ ስላሉ ነው እሺ ያልኩት።"

ከፋይ ጠጉሩ ወደ አንድ ወገን የተኛ ጨርቅ ነው። ሁሉም ንጣፍ ፊቱን ወደ ላይ፣ ጠጉሩን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርጎ ይነጠፋል። አንድ ቅርጽ ከተገለበጠ መፍትሔ የለውም።

"እሺ" አለች። ሌላ ምን ትበል?

ኃላፊው ሲሄድ ከተረፈ የማርከር ወረቀት አንድ ገጽ ቀደደችና ጻፈች፦ "በግል ምክንያት ከንድፍ ክፍል ወደ ማሸጊያ ክፍል እንድዛወር በትሕትና እጠይቃለሁ።" ፈረመች። ፊርማዋን ለረጅም ጊዜ አየችው። የተንቀጠቀጠ መሰላት። አጥፋ መሳቢያ ውስጥ፣ መቀሷ ሥር ከተተችው።

ስለ መቀሷ አንድ ነገር ልበል። ጆሮው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት፣ የራሷ መቀስ ነው። በዚያ ፋብሪካ የሰው መቀስ መንካት የሰው ጥርስ መፋቂያ እንደመዋስ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት አዲስ ገቢ በሚሊሜትር መቀስ ወረቀት ቆረጠችበትና ሳምንት ሙሉ ተኮረፈች። መቀሱ በየሁለት ወሩ ይሳላል። የመስፊያ መኪኖቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይት ይጠጣሉ። ቢላው፣ የመተኮሻው ገመድ፣ የሕትመት ማሽኑ፣ ሁሉም ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቁጥጥር ሰሌዳ ላይ ተራ አለው። ይህን ልብ ይሏል።

እሑድ ጠዋት እናቷ ጸሎታቸውን ጨርሰው ወደ ውስጠኛው ክፍል ሲገቡ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብላ አገኟት። ጭኗ ላይ የመርፌ ትራስ አለ። ትራሱ ላይ ክር የገባላቸው መርፌዎች እንደ ሣር በቅለዋል።

"ስንት ሆኑ?" አሉ እናቷ።

ክው አለች። "ምኑ?"

"መርፌው ነዋ። ከረቡዕ ጀምረሽ እኮ ነው። ሠላሳ መርፌ ክር አስገብተሽ ማንን ልትሰፊ ነው? አገር ተቀደደ እንዴ?"

ሚሊሜትር ልትስቅ ፈልጋ አለቀሰች። አርባ ስድስት ዓመት የሞላት ሴት እንደ ሕፃን አፍንጫዋን እየሳበች ተናገረች። እጅጌው፣ ጣቷ፣ መደንዘዙ፣ ማክሰኞ፣ መሳቢያ ውስጥ ያለው ደብዳቤ። እናቷ ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ሆኖ የራሱን ሥራ ይሠራል፤ አውራ ጣታቸው ጠቋሚው ላይ ይሽከረከራል።

"ይሄን እያየሽ ነው አይደል የምትሸበሪው?"

ሚሊሜትር ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"እይው እንግዲህ፤ በደንብ እይው። እኔን ሥራ ላይ እያለሁ አይደለም የጀመረኝ። ከጎረቤት ጋር ቁጭ ብዬ ወሬ ስናወራ፣ እጄ እንዲህ እንዳረፈ፣ ጣቴ ለብቻው ክር የሚያፍተለትል መሰለ። መርፌ ሳነሳ ይተወኝ ነበር። ሥራ ያስፈታኝ ኋላ ነው። አሁን እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ።"

አደረገች።

"ልቀቂው። እንደ ዶሮ እግር አትጨብጪው፤ ልቀቂው።"

ለቀቀችው። ሁለቱም አጎንብሰው አዩት። ውጭ የሆነ ሰው ምንጣፍ ያራግፋል። እጇ ዝም አለ። አንድ ደቂቃ፣ ምናልባት ሁለት። ላብ አንገቷ ላይ ወረደ እንጂ እጇ አልተነቃነቀም።

"ታዲያ ለምን ይገለበጣል እማዬ? እኔ አንዴ ነው የምጫነው። አንዴ!"

"እኔ ምን አውቃለሁ። መሣሪያሽን አይተሽዋል?"

"ምን መሣሪያ?"

"የምትሠሪበትን።"

"ማውስ ነው እኮ፤ መሣሪያ አይደለም።"

እናቷ ትኩር ብለው አዩአት፤ ድሮ የተጣመመ ጠርዝ ስትሰፋ እንደሚያዩአት።

"ቀኑን ሙሉ እጅሽ ውስጥ የሚውል ነገር መሣሪያ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እሱን ማን ነው የሚስለው?"

ማንም። ሰሌዳው ላይ የለም። ማውሱ የዛሬ ስድስት ዓመት ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ ካርቶን መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም መሣሪያ ነው ብሎ አላየውም። መቀሷን ለእህቷ የማታውስ ሴት፣ ከመቀሷ አሥር እጥፍ የምትይዘውን ዕቃ አንድ ቀን እንኳ ገልብጣ አላየችውም።

ይህ ግን ፍርሃቷን አላጠፋውም፤ እንዲያውም አባሰው። እስከዚያ ድረስ ማወቅ አትችልም ነበር፤ አሁን ማወቅ ትችላለች። ሰኞ ጠዋት ማወቅ ትችላለች።

ሰኞ ከሁሉም ቀድማ ገባች። ባለጓንቱ ግን እንደ ወትሮው ቀድሟት ቢላውን ይወለውላል።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ቁጠርልኝ።"

"እኔ ጠዋት ጠዋት የምቆጥረው ጣቶቼን ነው" አለ። "አሥር ከሞሉ ሥራ እገባለሁ።" ከዚያ ፊቷን አየና ቢላውን አስቀመጠ። "ምን ሆነሻል አንቺ?"

ነገረችው። ሳይስቅ ሰማት። ስክሪኑ ላይ አንድ እጅጌ ብቻ አወጣች፤ ለእሱ የልብስ መሳያ ጠመኔና ቁራጭ ካርቶን ሰጠችው። "ሃምሳ ጊዜ እጫናለሁ። በተገለበጠ ቁጥር አንድ ጭረት።"

ቀስ እያለች፣ በየመሃሉ እያቆመች ተጫነች። በቀኝ እጇ ስድስት ጊዜ ተገለበጠ። በግራ እጇ አምስት ጊዜ። በእርሳስ ጀርባ ተጫነችው፤ ሰባት።

"አሁን አንተ።"

"እኔ ይሄን ነገር ነክቼ አላውቅም።"

"ለዚህ እኮ ነው የምፈልግህ።"

ባለጓንቱ ሌባ ጣቱን እንደ ማኅተም አነሳና ተጫነ። ሁለተኛው ላይ ተገለበጠ። ክንዱን ወደ ኋላ ሳበ። "ሰበርኩት እንዴ?"

"አልሰበርክም። ቀጥል።"

ስድስት።

አራቱም ቁጥሮች ካርቶኑ ላይ ተቀምጠዋል። እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ይኖራል። ሚሊሜትር ግን በሙያዋ ግማሽ ፈተና አታውቅም፤ ሚዛኑ እንዲሞላ የእሷ ቀኝ እጅ በሌላ ማውስ መፈተን አለበት። ይህኛው ነው የሚያስፈራው። ሌላውም ማውስ ላይ ከተገለበጠ፣ ማውሱም አርጅቷል፣ እሷም አርጅታለች ማለት ነው። ያኔ መሳቢያው ውስጥ ያለው ደብዳቤ ወደ ኃላፊው ጠረጴዛ ይሄዳል።

ከኃላፊው ክፍል ማውሱን ነቅላ አመጣች። ሰካችው። እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው።

"ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ።" ውኃ ጠጣች። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

"ሚሊ፣" አለ ባለጓንቱ ቀስ ብሎ፣ "እኔ ቢላውን ሳስነሳ በየቀኑ እፈራለሁ። ሠላሳ ዓመቴ ነው። በፈራ እጅ ነው የምሠራው። ተጫኚ።"

አንድ። ቢጫ ሆነ። ሁለት። ቢጫ። አሥር። ሃያ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ስክሪኑ ብልጭ ሲል ጣቷን አነሳች፤ መብራቱ ነበር የተወዛወዘው። ሠላሳ። አርባ። አርባ ዘጠኝ። ሃምሳ።

ካርቶኑ ላይ አንድም ጭረት የለም።

ባለጓንቱ ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰካ። "በይ እንግዲህ፣ በሽተኛው ታውቋል" አለ። እሷ ግን ከወንበሯ ሳትነሳ ካርቶኑን ደግማ አየችው።

የጥገና ሠራተኛው አሮጌውን ማውስ ሲፈታው ከቁልፉ ሥር ያለችው ቀጭን ብረት ደክማ ነበር። አንድ ጊዜ ሲጫኗት ሁለት ጊዜ ትነካለች። በስድስት ዓመት ስንት ሚሊዮን ጊዜ ተጫኗት፤ ምን ታድርግ። ኃላፊው የተዋሰችውን ማውሱን ሊወስድ መጣና "ያው ማውስ ነው እኮ እትዬ፤ ጥያቄ ይጻፉና በሚቀጥለው ወር ይመጣል" አላት።

"መቀሴን የመረጠልኝ መሥሪያ ቤቱ አይደለም" አለች። በምሳ ሰዓት ወጣች።

ሱቁ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ማዶ ነው፤ ጠባብ፣ እስከ ጣሪያው ካርቶን የተደረደረበት። ሻጩ መላጣ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ሦስት ማውሶች አውጥቶ መስታወቱ ላይ ደረደረ። ሚሊሜትር አንገቷ ላይ የነበረውን ሜትር አወረደችና መጀመሪያ እጇን፣ ከአንጓዋ እስከ መሃል ጣቷ ጫፍ፣ ለካች። ከዚያ ማውሶቹን ለካች።

"እህቴ፣ ሱሪ ልታሰፊለት ነው?" አለ ሻጩ።

"ቁመቱ ካልሆነኝ እጄ ይኮማተራል። አሮጌው ትንሽ ነበር፤ በጣቴ ጫፍ ነበር የምይዘው። ለካ እሱ ነው አንጓዬን የሚበላው።" ይህን ስትናገር ነው ራሷም የገባት። መዳፏ አርፎበት የማያውቅ ዕቃ ነበር።

አንዱን ያዘች፤ አጭር ነው። ሁለተኛው ያማረ፣ ቀጭን፣ እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት። ሦስተኛው ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ በአውራ ጣት በኩል ማረፊያ ያለው። መዳፏ ሞላበት። ሻጩ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር ሰካላት። አንቀሳቀሰችው።

የማውሱ ቀስት ዘለለ። ስክሪኑ ላይ ወደ ግራ ተወረወረ፣ ቆመ፣ ተንቀጠቀጠ። ሚሊሜትር እጇን እንደተቃጠለ ሰው አነሳች። ጠዋት ያየችው ባዶ ካርቶን፣ ሃምሳው ቢጫ፣ ሁሉም ውሸት መሰላት።

"አይዞሽ፣ አይዞሽ" አለ ሻጩ። "መስታወት ላይ እኮ ነው ያደረግሽው። ሥሩ ያለው ብርሃን መስታወት ላይ አያይም።" ጋዜጣ አጥፎ ከሥሩ አስገባላት። ቀስቱ እንደ ቢላ ቀጥ ብሎ ሄደ። "ምነው እንዲህ ደነገጥሽ? ማውስ እኮ አይናከስም።"

"የኔው ነክሶኛል።"

ወንበር ለመነችና ተቀመጠች። ዐይኗን ጨፍና ቁልፉን ተጫነች። በጣም የላላ ቁልፍ ጣት ሲያርፍበት ራሱን ይጫናል፤ በጣም የጠጠረ ደግሞ እስከ ማታ ጣት ይገድላል። ይኼኛው ሲጫኑት ጥርት ያለ ድምፅ ሰጥቶ ይመለሳል። በገመድ አልባውና በባለገመዱ መካከል ትንሽ አመነታች። ገመድ አልባው ጠረጴዛ ላይ አይጎትትም፤ ግን ባትሪው ማርከር መሃል ላይ ቢሞትስ? አሁን ሌላ የምትፈራው ነገር አያስፈልጋትም። "ባለገመዱን። ገመዱ ለስለስ ያለ ይሁን።" ሻጩ አመጣ፤ ሁለት ሌላ ደግሞ ደረበ። ከሦስቱ አንዱን መርጣ ሃምሳ ጊዜ ተጫነች፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች።

"ሙሽራ እንኳ እንዲህ አይመረጥም" አለ ሻጩ።

"ሙሽራ ቀኑን ሙሉ እጅ ውስጥ አይውልም።"

ሳቀና ካርቶኑን አሰረላት።

ከሰዓት በኋላ ማርከሩን ሠራች። እጅጌ በእጅጌ፣ ኪስ በኪስ። ቅርጾቹ አንድ ጊዜ ሲነኩ ተያዙ፤ የተገለበጠ የለም። ያም ሆኖ ማክሰኞ ጠዋት መቶ ሃያው ንጣፍ ተዘርግቶ፣ ከፋዩ በአንድ አቅጣጫ ተኝቶ፣ ወረቀቱ ከላይ ሲሆን፣ ሰው ሁሉ ቃሏን ሲጠብቅ ሚሊሜትር ወረቀቱን እንደገና ማየት ጀመረች። አንዴ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች። ተመለሰች። እንደገና ሄደች። ኃላፊው ሰዓቱን አየ። ተኳሿ እንኳ ቀልድ አጣች።

ባለጓንቱ ጓንቱን አጥልቆ ቆሟል። "ሚሊ፣" አለ፣ "ጨርቁ አረጀ እኮ።"

ሐሙስ የተሳሳተችበት ቃል ትዝ አላት። መጨረሻው ላይ ወረቀቱን ማየት ተወችና ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ ልክ እናቷ እንዳሏት፣ ለቅቃ አሳረፈችው። አየችው። ዝም ብሏል።

"ቁረጥ።"

ቢላው ተነሳ። መጀመሪያ የወጡት የእጅጌ ክምሮች ናቸው። ከእያንዳንዱ ክምር አንዱን አነሳችና ፊት ለፊት ገጠመቻቸው። ግራና ቀኝ፣ እንደ ሁለት መዳፍ ተጋጠሙ። ባለጓንቱ ቢላውን ሳያቆም በግንባሩ ምን ሆነ ሲል ጠየቃት። እጅጌዎቹን ከፍ አድርጋ አሳየችው።

ረቡዕ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙ አንጓዋን በጣቱ እየነካካ መረመራትና፣ አንጓዋ ውስጥ ያለ ነርቭ ተጨምቆ እንደነበር፣ እጇን ሳታጥፍ እንድትሠራ፣ በየሰዓቱም እንድታሳርፈው ነገራት። የእናቷ ሕመም እሷንም ይዟት እንደሆነ ጠየቀችው። "አሁን ምንም የለብዎትም" አላት። "አሁን" የምትለዋን ቃል ይዛ ወጣች፤ ያቺ ቃል እስካሁን አልለቀቀቻትም።

ቅዳሜ የዝውውር ደብዳቤውን ከመቀሷ ሥር አወጣችው። ጀርባው ባዶ ነበር። በወፍራም እርሳስ ጻፈችበት፦ "ማውስ፦ በየወሩ ሃምሳ ጊዜ መጫን፤ መቁጠር።" ሰሌዳው ላይ ከቢላው በታች ለጠፈችው። አዲሱ ማውስ ገመድ ላይ ቀይ ክር አሰረች። ተኳሿ አይታ "ደግሞ እሱንም የነካ ሊኮረፍ ነው!" አለች።

ቤት ስትደርስ እናቷ የመርፌውን ትራስ ይዘው ጠበቋት።

"በይ ንቀይልኝ" አሉ። "ሠላሳ መርፌ ክር አስረሽብኝ ቤቱ ውስጥ ባዶ መርፌ አጣሁ።"

አጠገባቸው ተቀምጣ ክሮቹን አንድ በአንድ ነቀለች። ጨርሳ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። የእናቷ እጅ በዚያ በኩል የማይታይ ክሩን ያፍተለትላል። ሚሊሜትር የራሷን አየችው። ዝም ብሏል። ትንሽ ቆይታ ደግማ አየችው።

"ተይ" አሉ እናቷ ዞር ሳይሉ።

"እሺ" አለች። ሦስተኛም አየችው።